የእማዬ ጆሮ

(ባለፈው ቅዳሜ ከወጣት ሰዓሊዎች ጋር በነበረን መሰባሰብ ላይ የተናገርኩት ነው። አንድ ልጅ በስልኩ ቀድቶት ቃል በቃል ገልብጦ ላከልኝ። «ማለቴ» እና «እእእ» የሚሉትን ትንሽ ቀነስኩለት እንጂ ብዙም አልነካሁትም።)

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ይሰማል? እስቲ እጅ አውጡልኝ... ይሰማል። ጥሩ። እኔ ማይክ ይዤ ማውራት አልለመድኩም፣ ስራዬ ከሸራ ጋር ነው፣ ሸራ ደሞ መልስ አይሰጥም፣ ስለዚህ ከተንተባተብኩ ታገሱኝ።

ስለጠራችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። ወጣት ሰዓሊዎች፣ ሰዓሊ ልሁን አልሁን እያላችሁ ገና ከራሳችሁ ጋር የምትሟገቱ፣ «ምናለ ይሄን ነገር ትቶ አካውንቲንግ ቢማርልኝ» እያላችሁ በልባችሁ ልጃችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ ወላጆች (ሳቅ)፣ ሁላችሁም እንኳን መጣችሁ። አንድ ሰው ደሞ ለብቻዋ ሰላም ማለት አለብኝ። እዛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላ አድርጋ የተቀመጠችው እማዬ ናት። እማዬ አትነሺ፣ ተቀመጪ፣ እጅሽን ብቻ አሳዪያቸው። (ጭብጨባ) ዛሬ አብዛኛው የማወራው ስለሷ ነው። አስፈቅጃታለሁ። ያላስፈቀድኩትም ትንሽ አለ፣ እሱን ቤት ስንገባ እንነጋገራለን።

እንግዲህ የሰጣችሁኝ ርዕስ «ከቤተሰብ ህይወት ውስጥ ለስዕል ኢንስፒሬሽን እንዴት ይገኛል» የሚል ነው። ሶስት ነገር በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ፣ ግን የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ መንገድ ላይ ብዙ እቆማለሁ።

የመጀመሪያው ነገር፣ ቤታችሁን አታዩትም። አዎ እናንተን ነው ምላችሁ። እስቲ አይናችሁን ጨፍኑና የእናታችሁን ጓዳ በሃሳባችሁ ግቡበት። ጨፈናችሁ? በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው? ምጣዱ ስር ምን ተቀምጧል? የጄሪካኑ ክዳን ከለሩ ምንድነው፣ ያው እንደምናውቀው ክዳኑ መቼም የራሱ አይደለም፣ የሌላ ጄሪካን ነው፣ ግን ከለሩ? አባታችሁ ጫማ ሲያወልቅ የቱን እግሩን ያስቀድማል? ስንቶቻችሁ መለሳችሁ? አየሽ፣ አንቺ እንኳን ከፊት ያለሽው ትስቂያለሽ እንጂ አልመለስሽም። እኔም አልመልስም ነበር።

ተማሪ ሆኜ፣ ሰዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም ካቋቋሙት የስዕል ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ ሶስተኛ አመት ላይ «ኢትዮጵያን» ልፈልግ ብዬ ጎንደር ሄድኩ። ኢትዮጵያ ጎንደር ያለች ይመስል! እኛ ቤት እኮ አልፈለግኳትም። ሁለት ሳምንት ደብረ ብርሃን ስላሴ እየተመላለስኩ አንገቴ እስኪቀነጠስ ድረስ ጣራው ላይ ያሉትን መላእክት ስኬች አደረግኩ፣ አርባ ገጽ ሞላሁ። ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነበር። አንድ ቀን ማታ ደክሞኝ ጋደም ብዬ ሳለሁ አክስቴ ጋቢ ታጥፋለች። መቼም ጋቢ ብቻውን ለሚያጥፍ ሰው ረጅም ነው አደል? ስለዚህ መሃሉን አገጯ ስር ወጥራ ያዘችው፣ ሁለት እጇን እንደ ክንፍ ዘረጋች፣ ፊቷ ግማሹ ጨርቁ ውስጥ ገባ። እርሳሱ እጄ ላይ ስለነበረ ብቻ ጫር ጫር አደረግኳት፣ ሁለት ደቂቃ አይሆንም፣ እንደውም ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የሻይ እድፍ ያለበት ወረቀት ነበር።

ስመለስ መምህሬ ደብተሩን ተቀበለኝ። መላእክቱን ገለጠ፣ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ምንም አላለም። መጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ። ከዛ ያቺን ገጽ ብቻ ቀስ አድርጎ ገንጥሎ ግድግዳው ላይ በእስፒል ሰካትና ደብተሩን መለሰልኝ። በቃ። እኔ እንዴት እንደተናደድኩ! ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን ጥሎ የሁለት ደቂቃዋን! ደሞ ልብ በሉ አክስቴም እኮ ክንፍ አላት፣ ጣራው ላይ ያለውን ክንፍ ስፈልግ እታች ቤት ውስጥ ክንፍ ያለው ሰው ጋቢ ያጥፍ ነበር፣ ይሄ የገባኝ ግን ከብዙ አመት በኋላ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላማ ጭራሽ ረሳሁት። የአንድ ጋለሪ ባለቤት፣ ስም አልጠራም፣ «ጀበና ያለበት ካለሽ አምጪ፣ ጀበና የሌለበት አይሄድም» አለኝ። ቀለም ውድ ነው፣ ኪራይ አለ፣ ሆድ አለ፣ ስድስት ወር ሙሉ ጀበና ሳልኩላችሁ። ጀበና ከነ ጭሱ፣ ጀበና ከነ ፈንዲሻው፣ ጀበና ከጀርባው ጸሐይ ስትጠልቅ፣ ቤት ውስጥ ጸሐይ ስትጠልቅ ማለት ነው! (ሳቅ) አንድ ቀን እማዬ ስቱዲዮ መጥታ አንዱን ትክ ብላ አየችውና «ይሄ ጀበና ቡና አይቀዳም» አለችኝ። ለምን? «እጀታው ከሆዱ ጋር ተጣብቋል፣ ጣትሽን የት ታስገቢያለሽ?» አለች። በቀን ሶስቴ እየተፈላ የሚጠጣበትን እቃ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የማየውን፣ ጣት እንደማይገባበት አድርጌ ስድስት ወር ስያለሁ። ገዢዎቹም አላወቁም፣ እኔም አላወቅኩም፣ ያወቀችው የምትቀዳዋ ናት።

ትልልቆቹ ሰዎቻችንን እዩ እስቲ። ገብረክርስቶስ ደስታ ሐረር ነው የተወለደው፣ አባቱ አለቃ ደስታ የቤተክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ብራና ላይ የሚስሉ። እሱ ደሞ ጀርመን፣ ኮሎኝ ድረስ ሄዶ ተምሮ መጥቶ አብስትራክት፣ ነገሩን እንዳለ የማይገለብጥ ስዕል ማለት ነው፣ የሰራ ሰው ነው፣ ግን ቀለምና ብራናን መጀመሪያ ያየው እዛው ቤቱ ውስጥ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ብዙ ትውልድ ያስተማሩት ታደሰ መስፍንን ውሰዱ፣ ጉልት ላይ ቆመው የሚሸጡትን ሴቶች አይደል የሚስሉት? እኛ በየቀኑ «ስንት ነው ቲማቲም» ብለን አልፈናቸው የምንሄደውን። ይሄን የምላችሁ ለማድነቅ ብቻ አይደለም፣ የነዛን ሴቶች አቋቋም ልብ ብላችሁ እዩት፣ ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው ክብደቱን የት እንደሚጥለው ይታያችኋል።

እሺ፣ ሁለተኛው። ሁለተኛው ለኔ ዋናው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ አብዝቼ ባወራ እንዳትቆጡ።

ቤተሰባችሁን ሙሉውን አይታችሁት አታውቁም። በቁራጭ ነው ምታዩት። እውነቴን ነው፣ ሞዴል ክፍል ውስጥ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ሰላሳ ደቂቃ የማይነቃነቅ ሰው ታገኛላችሁ፣ ሙሉ ሰው። ቤት ግን እንደዛ የለም። እናት ማለት ከጀርባ ናት፣ ከጎን ናት፣ እጅ ናት፣ ከጓዳ የሚመጣ ድምፅ ናት። አባት ማለት ከጋዜጣ በላይ የሚታይ ግንባር ነው፣ የኔ አባት ነፍሱን ይማረውና ግንባር ነበር። እኛ ደሞ ምን እናደርጋለን፣ ያቺን ቁራጭ እንተውና ፎቶ ቤት እንደሄደ ሰው አስቀምጠናቸው «ወደዚህ እዩ» እንላለን። ያኔ ሰውዬው ይጠፋል። እኔ የምለው ቁራጯን ሳሏት ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ከተቀመጣችሁበት ቦታ የምትታየዋን፣ ሌላ ማንም ሰዓሊ ሊያያት የማይችላትን።

የእማዬን እጅ ልንገራችሁ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፣ አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን የዛን ቀን ሻማም አልነበረም። ወንድሜ ስልኩን መብራቱን አብርቶ ወደላይ አስቀመጠና ውሃ የሞላ ሃይላንድ አናቱ ላይ አቆመበት። ይሄን የማያውቅ አለ? ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ። ብርሃኑ በውሃው ውስጥ አልፎ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል፣ ጣራው ላይ ደሞ ይንቀጠቀጣል። እማዬ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ለነገ ምስር ትለቅማለች። በመዳፏ ትበትነዋለች፣ ከዛ በሶስት ጣቷ ወደራሷ ትስበዋለች፣ እንደ መስመር፣ እንደሚነበብ ጽሁፍ፣ ጠጠር ስታገኝ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈንጠር ታደርጋታለች። ብርሃኑ ከታች ስለሚመጣ የጣቶቿ ጥላ ጣራው ላይ ትልቅ ሆኖ ይለቅማል። ጣራው ላይ ሌላ ግዙፍ ሴትዮ ምስር እየለቀመች ነው ማለት ነው! እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። እማዬ ቀና አለችና ምን አለች መሰላችሁ፣ «አይተሽ ከምትጨርሺኝ አንዱን ጥግ ብትለቅሚልኝ»። (ሳቅ፣ ጭብጨባ) አስታወስሽው እማዬ?

ለቀምኩ። ስለቅም ነው የገባኝ። ጠጠሩ ከአይን ይልቅ በጣት ነው የሚታወቀው ለካ፣ ስለዚህ ሰፌዱን ትክ ብላ አታየውም፣ ፊቷ ሌላ ቦታ ነው፣ ሃሳብ ላይ ነው። ዝም ብዬ አይቼ ብስላት ኖሮ አቀርቅራ አድርጌ ነበር የምስላት፣ እንደ ሁሉም ሰው። ስለዚህ ይሄን ያዙልኝ፣ መጀመሪያ ስራውን አብራችሁ ስሩት። ልብስ ጭመቁ፣ ሽንኩርት ክተፉ፣ ከዛ ሳሉ።

ሰዓሊው ቫን ጎግ ድንች የሚበሉትን ቤተሰብ በ1885 በፈረንጆች ሲስል ክረምቱን ሙሉ የገበሬ ፊትና እጅ ሲለማመድ ነው የከረመው፣ ለወንድሙም የጻፈለት ነገር አለ፣ ድንቹን ከሳህን የሚያነሱት እጆች እነዛው መሬቱን የቆፈሩት እጆች መሆናቸው እንዲታይልኝ ነው የምፈልገው አይነት። አምስት ሰው፣ አንድ ኩራዝ ነገር ከላይ። ሃይላንዱን ሳይ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። እኛ ደሞ ኩራዛችን ከታች ነው፣ ውሃ ውስጥ ነው፣ ይሄ የኛ ጊዜ ብርሃን ነው፣ ማን ሳለው? መቶ አመት ቆይቶ የኛን ዘመን ማታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የት ያገኘዋል?

ቬርሜርንም ላንሳ፣ የሆላንዱን፣ ደልፍት የኖረውን። በ43 አመቱ በ1675 ሲሞት 11 ልጅና እዳ ጥሎ ነው የሄደው፣ ይኖር የነበረው ደሞ በሚስቱ እናት ቤት ነው። ስዕሎቹ 35 አካባቢ ናቸው በቃ። ወተት የምትቀዳዋን ታውቋታላችሁ፣ ቁመቷ 45 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ይሄን ሁሉ ወሬ የሚወራላት ስዕል ከእማዬ ሰፌድ አትበልጥም። ግድግዳው ላይ ሚስማር አለ፣ ምንም ያልተሰቀለበት፣ ሚስማሯ ጥላ አላት። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው፣ ያን ሁሉ ልጅ ባለበት ቤት ያ ዝምታ ከየት መጣ? ቤት ውስጥ በሳላቸው ስዕሎች ላይ አንድም ልጅ አይታይም እኮ! የኔ ግምት ነው እንግዲህ፣ ሰውየው የሳለው ያጣውን ነው እላለሁ። ቤት የሚሰጣችሁን ብቻ አይደለም የምትስሉት፣ የሚነፍጋችሁንም ነው። ከስምንት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ ካላችሁ፣ አለን የምትሉ፣ ባዶ ወንበር ሳሉ እስቲ።

አሜሪካዊቷ ሰዓሊ ሜሪ ካሳት ደሞ በ1893 የሳለቻት አለች፣ ሴትዮዋ ህጻኗን ጭኗ ላይ አድርጋ እግሯን ሳፋ ውስጥ ስታጥባት፣ ቺካጎ ነው ያለው ስዕሉ። ከላይ ወደታች ነው የተሳለው። ለምን? እቤት ውስጥ አንዱ ተቀምጦ ሲሰራ ሌላው ቆሞ ስለሚያልፍ ነዋ! እሱ የቤተሰብ አንግል ነው። ከበር ስትገቡ፣ ፎጣ ልታቀብሉ ስትሉ የምትታይ አንግል።

እና ልጄ። ይሄን ላውራው አላውራው ብዬ ነበር። ሰባት አመቱ እያለ ትምህርት ቤት «ቤተሰባችሁን ሳሉ» ተባሉ። አባቱን ሳለ፣ ፊት አለው፣ መነጽር አለው። እማዬን ሳለ፣ ነጠላዋ ላይ ጥለቱን ሁሉ አድርጎ። እኔን ክብ ሳለ፣ ክቡን በሙሉ ጥቁር ቀባው። «ይሄ ምንድነው ማሙሽ?» «አንቺ ነሽ» «ፊቴስ?» «ጸጉርሽ ነው። ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው የማይሽ»። ሸራ ላይ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ጀርባዬን ነው የሚያየኝ ለካ። ከዛ ቀን ጀምሮ ኢዝሉን፣ የሸራ ማቆሚያውን፣ አዞርኩት፣ አሁን ፊቴ ወደ በሩ ነው፣ ብርሃኑ በተሳሳተ በኩል ይመጣብኛል፣ እችለዋለሁ። ስዕሉን ግን ፍሬም አስገብቼዋለሁ። የሱን ያህል ቁራጭ የያዘ ሰው እኔ አላየሁም።

መቼ ነው የምንስለው ለምትሉ፣ ሰው ቤት ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም ለምትሉ፣ ቡና! ቅድም ጀበና ሳልሽ ብዬ ራሴን ሰደብኩ፣ አሁን ደሞ ቡና እላለሁ። ቡናውን አትሳሉት፣ ሰዓት አድርጉት። አቦል ላይ ሁሉም ስዕል እንደያዛችሁ ያውቃል፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተገትሮ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ አቦል ላይ ሰው አትንኩ፣ በር ላይ የተደረደረውን ሲሊፐር ሳሉ፣ የሶፋውን ዳንቴል ሳሉ። ቶና ላይ ወሬው ይሞቃል፣ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ እጅ ሳሉ፣ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ እጅ አስር ሴኮንድ። በረካ ላይ ረስተዋችኋል። የሞተ ሰው ተነስቷል፣ የተጣላ ጎረቤት ተነስቷል፣ ማንም እናንተን አያይም። ፊት የሚሳለው ያኔ ነው። እኔ ሃያ አመት በዚህ ሰዓት ነው የምሰራው። ደብተሩም ተራ ሲነርላይን ነው፣ መስመር ያለው፣ ውድ ወረቀት ስይዝ እጄ ይፈራል። ሸራም ከሌለ አቡጀዴ ወጥራችሁ ኮላ ቀብታችሁ ስሩ፣ እኛ እንደዛ ነው የተማርነው።

ሰዓት ስንት ሆነ? ...እሺ አስር ደቂቃ። ሶስተኛው ነገር ፈቃድ ነው። ይሄ የሚከብደኝ ነው።

እህቴ ኩዌት ከሄደች 11 አመት አልፏታል። አርብ አርብ በኢሞ ትደውላለች፣ ቪዲዮ ነው። እማዬ ግን ስልክ ማለት ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር ነው። ስንት ጊዜ ነገርናት፣ «እማዬ ከፊትሽ አርገሽ ያዢው፣ እያየችሽ ነው»፣ እሺ ትላለች፣ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፣ የልጇ ድምፅ ሩቅ ሆነባታ! ስለዚህ እህቴ ለአመታት ያየችው የእናቷን ጆሮ ነው። ስክሪኑን የሞላ ጆሮ። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ በኋላ ለመደችው፣ በኋላ ደሞ እንደውም እማዬ ስልኩን ከፊቷ ስታደርገው «እማ ጆሮሽን አምጪው» ማለት ጀመረች። ይሄን ስሰማ እንግዲህ ስዕል ነው ብዬ ተነሳሁ። አንድ ሜትር በሰማኒያ፣ ጆሮ ብቻ፣ ጥግ ላይ ትንሽ የነጠላ ጥለት።

«እማዬ ጎንሽን ስጪኝ» አልኳት። ሰጠችኝ። ትንሽ ቆይታ «ቆይ፣ በአንድ አይን ነው የምትስዪኝ?» አለች። «አዎ፣ በጎን ስለሆነ...» «በቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ አይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው፣ እኔ ምን አረግኩሽ?» (ረጅም ሳቅ) ሳቁ እናንተ! እሷ ትክክል ናት እኮ። ጻድቅ ከሆነ ሁለት አይን፣ ክፉ ከሆነ በጎን አንድ አይን፣ ስንት መቶ አመት የኖረ ህግ ነው፣ እኔ ትምህርት ቤት ፕሮፋይል ብዬ የተማርኩትን እሷ ስድብ ብላ ነው የምታነበው። ተደራደርን። ፊቷን ትንሽ ወደኔ መለስ አደረገች፣ የሁለተኛው አይኗ ሽፋሽፍት ጫፍ ታየ። ስዕሉም የዳነው በሱ ነው፣ ያቺ ጫፍ ባትኖር ጆሮው የሀኪም ቤት ፖስተር ይሆን ነበር።

እየሳልኩ ቀረብ ስል የጆሮዋ ቀዳዳ ውስጥ ሎቲ የለም። የመጥረጊያ ስንጥር ነው ያለው። ቀዳዳው እንዳይደፈን፣ ታውቃላችሁ፣ ሴቶች እንደሚያደርጉት። «እማዬ ሎቲሽስ?» «ሳጥን ውስጥ አለ»። «ሳጥን ውስጥ ካለ ስንጥሩ ለምንድነው?» ዝም አለች። ከዛ አወጣችው፣ ለካ ከዛ በፊት በነበረው ክረምት ጣራው ሲያፈስ እህቴ ለቆርቆሮ ብላ ብር ልካለች፣ ያ ብር ለወንድሜ መንጃ ፈቃድ ሆኗል፣ ወንድሜ ዛሬ አልመጣም፣ ጥሩ አደረገ፣ ቆርቆሮው ደሞ በሎቲዋ ተገዛ። «ለእህትሽ ብትነግሪ እናትሽ አይደለሁም» አለችኝ። እህቴ ስታየው የኖረችው ጆሮ እሱ ነው እኮ! ደግነቱ ስልኩ ከተለጠፈ ሁሉም ይደበዝዛል፣ ስንጥሩ አልታያትም።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ስንጥሩን ብስል ሚስጥሯን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ባልስል ውሸት ነው። እናንተ ብትሆኑ? ...አየሽ፣ «ሳዪው» ትያለሽ አንቺ፣ ገና እናትሽ አልተጣላችሽም። እማዬ «ሎቲውን አድርጊልኝ» አለች። አደረግኩላት። ከጎንደር የመጣችውን አክስቴን ሎቲ ተውሼ፣ አይቼ ሳልኩ፣ እሱ ስዕል እኛ ሳሎን ተሰቀለ። ሌላ ደሞ ሳልኩ፣ ከነስንጥሩ፣ እሱ ሶስት አመት ስቱዲዮዬ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ሰዎች ሊገዙኝ ፈልገው ነበር፣ እምቢ አልኩ፣ ገንዘቡ አላስፈለገኝም ማለት አይደለም።

በርት ሞሪሶ የምትባል ፈረንሳዊት በ1872 እህቷን ኤድማን ስላታለች፣ ልጇ አልጋ ላይ ተኝታ ቁጭ ብላ ስታያት። ሁሉም ሰው «የእናት ፍቅር» ይላታል። ኤድማ ግን ራሷም ሰዓሊ ነበረች፣ አግብታ ነው ያቆመችው። ያን ካወቃችሁ በኋላ ፊቷን እንደገና እዩት። ስዕሉ በጊዜው አልተሸጠም፣ ብዙ አመት ቤተሰቡ ጋር ነው የኖረው። እኔ እሱን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል፣ ቤት ውስጥ መቆየት ያለበት ስዕል አለ፣ ሰዎቹ እስኪደርሱበት።

እና እህቴ ባለፈው ገና መጣች። በ11 አመቷ። ለቅሶው ሳቁ ካለፈ በኋላ ሳሎን ብቻችንን ስንቀር ስዕሉ ፊት ቆመች። ብዙ ቆየች። ከዛ ወደኔ ሳትዞር «ይሄ ሎቲ የእማዬ አይደለም» አለች። እኔ ዝም። «የእማዬ ጫፉ ላይ ትንሽ ፍሬ ነበረችው፣ ልጅ ሆኜ ስታዝለኝ አፌ ውስጥ አስገባት ነበር። ይሄ የአክስቴ ነው። የእማዬስ?» ምን ልበላት? እማዬ ከጓዳ «አቦል ደርሷል፣ ኑ!» አለችና ዳንኩ።

ሄድን ተቀመጥን። እህቴ ከእማዬ ጎን ነው የተቀመጠችው፣ በጆሮዋ በኩል። አቦል ምንም አላለችም። ቶና ላይ እጇን ሰዳ የእማዬን ነጠላ ከጆሮዋ ላይ ቀስ አድርጋ ገለጥ አደረገችው፣ ስንጥሩን አየችው፣ መልሳ ሸፈነችው። እማዬም አወቀች፣ ስኒውን ትቀዳለች፣ እጇ አልተንቀጠቀጠም። በረካ ላይ እኔ እንደልማዴ ደብተሬን አወጣሁ፣ እርሳሱን ያዝኩ፣ ሁለቱም አያዩኝም፣ ሰዓቱ ነው። ገጹ ባዶ ነው። ቀኑን ጽፌበታለሁ፣ ሌላ ምንም የለበትም፣ እሱን የማሳያችሁ ስዕል የለኝም።

እ... እማዬ ተነስታለች፣ እያያችኋት ነው አደል? ሰዓት አልፏል ማለቷ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እዛ ሻይ ጋር እንገናኝ። በጣም አመሰግናለሁ። (ጭብጨባ)